የአባዬን አፍ ከልቧ ላየችልኝ የጥርስ ሐኪም ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄን ፖስት እየጀመርኩ እየተውኩት ብዙ ከረምኩ፣ ዛሬ ግን እንደመጣልኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ጎንደር ያለች አንዲት የጥርስ ሐኪም ከእግዚአብሔር በታች አባቴን አትርፋልኛለች። ስሜን እዚህ እንዳትጽፊ ብላ ስለለመነችኝ ቃሌን እጠብቃለሁ፣ ኢንቦክስ ለመጣ ሁሉ ግን ክሊኒኩን እነግራለሁ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር፣ ጎንደር፣ መተማ፣ ገላባት፣ ገዳሪፍ፣ ያን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። እዛ ነው ቶምባክ የለመደው፣ ሱዳኖቹ ከታችኛው ከንፈር ሥር የሚይዙት እርጥብ ትምባሆ ማለት ነው። እንቅልፍ ያባርርልኛል ብሎ ጀመረው፣ መንዳት ካቆመ በኋላም አልለቀቀውም። ከዛ ልክ ቶምባኩን የሚይዝበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ወጣበት፣ እየቆየ መሃሉ ቆሰለ፣ አያመውም፣ ግን አይድንም።

ከዛ በኋላ ያየነውን መንከራተት ለጠላቴ አልመኘውም። አንዱ ጋ አሞክሳሲሊን ሰጡት፣ ጨረሰ፣ ቁስሉ እንዳለ። ሌላው ጋ ፈንገስ ነው ብለው መጉመጥመጫና ቅባት አሸከሙን። አንዱ ደግሞ ጥርሱ እየፋቀው ነው ብሎ ምንም ያልሆነ ጥርሱን ነቅሎ ብሩን ተቀብሎ ሸኘን። ሌላውማ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ አፍዎትን ይክፈቱ እንኳን ሳይል፣ ወደ እኔ ዞሮ "ሽማግሌ አይደሉ፣ ቫይታሚን ይውሰዱ" አለኝ፣ አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየሰማ! ማንንም በስም አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ግን እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል ምክንያቱም ከነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱ እንኳን ትምባሆ ይጠቀማሉ ወይ ብሎ አልጠየቀውም። አንዲት ጥያቄ እኮ ናት!

ወደሷ የሄድነው ስለ ቁስሉ ብለን እንኳን አይደለም፣ የተነቀለው ጥርስ ቦታ አልደርቅ ስላለው ነው። እሷ ግን "ጋሼ፣ ሌላው ይቆይና መጀመሪያ አፍዎትን ሙሉውን ልይልዎት" አለች። ከንፈሩን ገልብጣ አየች፣ ምላሱን በጎዝ ይዛ ግራና ቀኝ ዞር ዞር አደረገች፣ ከምላሱ ሥር፣ ላንቃውን፣ ጉንጩን በጣቷ ዳበሰች፣ ከዛ አንገቱን ከመንጋጋው ጀምራ እስከታች ነካካች። በጣም ብዙ ጊዜ የሚወስድ ነገር አይደለም፣ ማንም ግን አላደረገልንም ነበር። ቀና ብላ "ጋሼ፣ ቶምባክ ይይዙ ነበር?" አለችው። በቃ እኔ እዛው እንባዬ መጣ።

ከዛ ሰማያዊ ነገር ቀባችበት፣ ምን እንደሚሠራ ብታስረዳኝም አልያዝኩትም፣ የት ጋ ናሙና እንደሚወሰድ ለመምረጥ ይረዳል ነው መሰለኝ ያለችው። ማደንዘዣ ወግታ ትንሽ ቁራጭ ወሰደችና ለፓቶሎጂ፣ ናሙና ለሚመረመርበት ክፍል ማለት ነው፣ ላከች። ነጭ ነገር ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ወደ ካንሰር እንደማይሄድ፣ ግን በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል ባዮፕሲ፣ ማለትም ቁራጭ ወስዶ መመርመር፣ ግድ እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችን። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል መታየት አለበት፣ ቢያምም ባያምም አለች። ይሄን ማንም የነገረን ሰው አልነበረም።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። ውጤቱ ሲደርስ ዘመድ ሁሉ ለሱ አይነገረው ብሎ ነበር፣ የኛ አገር ነገር ታውቁታላችሁ፣ ከታማሚው ይደበቃል። እሷ ግን በርጩማ ስባ ከአባዬ ፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠችና "ጋሼ፣ ውጤትዎ መጥቷል፣ ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?" አለችው። አባዬም "አፉ የኔ አይደለም እንዴ ልጄ፣ ለኔ ንገሪኝ" አላት። እጁን ይዛ ነገረችው። ካንሰር ነው አለችው፣ ቃሉን ሳትሸሽግ፣ ግን ገና ትንሽ ነው፣ ጊዜው ላይ ደርሰንበታል፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለችው። ሌላው ሁሉ በጭንቅላቱ ላይ ሲያወራበት የከረመውን ሽማግሌ ሰው አድርጋ አናገረችው። ወላድ በድባብ ትሂድ! እናቷን ባገኛት እግሯን ነው የምስመው።

ደግሞ የምትሠራው በግምት አይደለም፣ ታነባለች፣ ጥናት ትከታተላለች። ሱዳኖች ቶምባክን ለብዙ ዓመት እንዳጠኑት፣ ቅጠሉ አትሩን ከሚሉት ነገር ጋር ሲታሽ ናይትሮዛሚን የተባለው መርዝ ከስዊድኑ ሱረት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ እሷ ናት የነገረችኝ። ሕንድ ውስጥ ኬረላ፣ ትሪቫንድረም አካባቢ በፈረንጆቹ 1996 የተጀመረ ትልቅ ጥናት አለ አለችኝ፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሰለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው የሰውን አፍ በመብራት አዩ፣ በቃ ማየት ብቻ፣ የጠረጠሩትን ወደ ሐኪም ላኩ። በፈረንጆቹ 2005 ውጤቱ ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ ትምባሆ ወይም መጠጥ ከሚጠቀሙት መሃል በአፍ ካንሰር የሚሞተው ሰው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ይሄን ስሰማ ያ ስልኩን ያላነሳው ሰውዬ ነው ትዝ ያለኝ። በፈረንጆቹ 2022 ብቻ በዓለም ላይ 389 ሺህ ገደማ ሰው የከንፈርና የአፍ ካንሰር እንደያዘው፣ 188 ሺህ ገደማ እንደሞተ ይገመታል። አሁን በምራቅ ለማወቅ የሚሞክሩም አሉ፣ ገና በጥናት ላይ ነው፣ እስከዛው ለመጠርጠር ዓይንና ጣት ይበቃል ነው የምትለው።

ከናሙናው የተረፈውን ለጥናት ልጠቀምበት ወይ ብላ አባዬን በወረቀት አስፈቅዳዋለች፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቀርበት አስረድታ። እሱም "ለሌላ ሾፌር የሚጠቅም ከሆነ ውሰጂው" ብሎ ፈረመ።

ለቀዶ ጥገናው ሪፈር ጽፋ ብቻ አልተወችንም፣ ለመንጋጋና ፊት ቀዶ ሐኪሙ ራሷ ደውላ አስረድታ፣ ከተመለስን በኋላም እየደወለች ጠይቃዋለች። ተመስገን፣ ወደ አንገቱ አልሄደም ተባለ። ዛሬ አባዬ እንጀራውን ይበላል፣ ያወራል፣ ከንፈሩ ትንሽ ሳብ ብሏል እንጂ ደህና ነው። ቶምባኩንም ጥሎታል። በየጊዜው እየሄደ ይታያል፣ ቀጠሮው ሲደርስ ቀድሞኝ ነው የሚለብሰው።

እባካችሁ የሾፌር ቤተሰብ የሆናችሁ፣ መተማ መስመር የሠራ አባት፣ ወንድም፣ አጎት ያላችሁ፣ ቶምባክም ሱረትም ሲጋራም የሚጠቀም ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ውሰዱት። ባያመውም ውሰዱት! ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ እሷ ጋ ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ እሷ ጋ ሂዱ፣ እንደሷ ከልቡ የሚያይ አላገኘሁም። ሌላ ከተማ ያላችሁም የትም ስትሄዱ አፌን ሙሉውን እይልኝ፣ ከምላሴ ሥርም እይልኝ፣ አንገቴን ዳብሰህ እይልኝ በሉ፣ አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው።

ወረፋ ስላለ ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅም አባዬን በየመጣ ቁጥር ተነስታ ነው የምታስቀምጠው፣ እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።