በዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በሐረር ብርድ፦ የወራት አገልግሎት ግምገማ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ማብቂያ ባሉት ወራት ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ምሥራቁን በድሬዳዋ ሙቀት ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ድሬዳዋ ግን ቅርባችን ብትሆንም ከእኛ ወደ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት። በእኛ ዘንድ ቀኑ ፀሐያማና ምቹ ሆኖ ይውላል፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ምድሩ የያዘውን ሙቀት በፍጥነት ይለቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ደጁ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። እናቴ በዕድሜ የገፉ በመሆናቸውና ብርድ ሲመጣ የጉልበታቸው ሕመም ስለሚብስባቸው፣ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ለመኝታ ክፍላቸው በዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁ። ዘጠኝ ክንፍ ያለው፣ በሦስት ደረጃ 600፣ 900 እና 1500 ዋት የሚስብ፣ ከሥሩ ጎማ የተገጠመለት ዕቃ ነው። ያለፈውን የብርድ ወራት በሙሉ አገልግሏል፤ ዘንድሮም ከጥቅምት ወዲህ ሥራ ላይ ነው።

ብዙ ሰው እንደሚመስለው ዘይቱ የሚቃጠል ነዳጅ አይደለም። በክንፎቹ ውስጥ ታሽጎ የሚኖር፣ የማይጨመርበትና የማይቀየር ነው፤ የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ዘይቱን ያሞቃል፣ ዘይቱ ብረቱን፣ ብረቱ ደግሞ የክፍሉን አየር። በዚህም ምክንያት አዝጋሚ ነው። ከተለኮሰ ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪያልፍ ድረስ በክፍሉ ውስጥ የሚታወቅ ለውጥ የለም፤ ስለዚህ እናቴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚተኙ ከሆነ እኛ አንድ ሰዓት ላይ እናበራዋለን። ወዲያው ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በዚህ ሊበሳጭ ይችላል። እኔ ግን ይህንኑ አዝጋሚነቱን ነው የወደድኩለት፤ ምክንያቱም ቀስ ብሎ የሚሞቅ ነገር ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ በከተማችን ደግሞ መብራት በምሽት ድንገት መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽቦው ቀልቶ የሚያበራው ማሞቂያም ሆነ ሞቃት አየር የሚነፋው ዓይነት መብራት በጠፋበት ቅጽበት ከንቱ ይሆናል። የእኛው ግን ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ሙቀቱን መስጠቱን አያቆምም። መቆጣጠሪያውም በእጅ የሚዞር ተራ ቁልፍ ስለሆነ፣ መብራቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ሥራውን ይቀጥላል፤ በዲጂታል ቁልፍ ከሚታዘዙት መካከል ግን መብራት ሲመለስ እንደገና ካልተጫኑ የማይነሡ አሉ። እናቴ በእኩለ ሌሊት ተነሥተው ቁልፍ እንዲፈልጉ ስለማልሻ፣ ይህ ለእኔ ከዋጋው የበለጠ ክብደት ነበረው።

ስለ ሙቀቱ መጠን ከመናገሬ በፊት ስለ ቤታችን መናገር አለብኝ። የምንኖረው አሮጌውን ከተማ ከከበበው ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ከሸዋ በር ማዶ ባለው አዲሱ የከተማው ክፍል ሲሆን፣ ቤታችን ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ጥሩ ኮርኒስ ከሌለ ክፍሉ ውስጥ የሚወጣው ሞቃት አየር ወደ ላይ ሄዶ በዚያው ያልቃል። በጀጎል ውስጥ ያሉት የቀድሞ የሐረሪ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡና ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ፣ የቀኑን ሙቀት ይዘው ሌሊቱን ቀስ እያሉ ይለቁታል፤ እዚያ የሚኖሩ ወዳጆቻችን በኅዳር እንኳ ከእኛ ያነሰ ብርድ ይሰማቸዋል። እኛ ዕቃውን ከመግዛታችን በፊት የተቀደደውን ኮርኒስ በቺፕውድ አስቀየርን፣ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጥቅል ዘጋን፣ የመስኮቱን ጠርዞች በስፖንጅ አሸግን፣ ወፍራም መጋረጃም ሰቀልን። የሌሊቱን አየር የሚያስገባ ክፍተት ባለበት ክፍል የትኛውም ማሞቂያ ገንዘብ ከመብላት የዘለለ ፋይዳ አይኖረውም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ሥራ ሳይሠራ ዕቃውን የሚገዛ ሰው ጥፋቱን በዕቃው ላይ ባይጥል ጥሩ ነው።

እንዲህ በተዘጋጀ ሦስት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ማሞቂያው ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ 19 ዲግሪ ያደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመኖሪያ ቤቶች መመሪያ በብርድ ወቅት 18 ዲግሪን ለቤት ውስጥ በቂ ዝቅተኛ ሙቀት አድርጎ አስቀምጧል፤ አረጋውያንና ሕፃናት ላሉበት ቤት ከዚህም ከፍ ያለ ሊያስፈልግ እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ ለእናቴ ክፍል በቂ ነው እላለሁ። ሳሎኑን ግን አያሞቅም፤ በሩን ከፍተን ሁለቱን ክፍሎች ባንድ ላይ ለማሞቅ ስንሞክር ሁለቱም ሳይሞቁ መብራቱ ብቻ ቆጠረ።

ኃይሉን በሚመለከት ሻጮች የማይነግሩት አንድ ጉዳይ አለ። በዕቃው ላይ የተጻፈው 1500 ዋት የሚገኘው የመብራቱ ግፊት 220 ቮልት ሲሆን ነው። የእንዲህ ዓይነት ማሞቂያ ኃይል ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል፦ ቮልቱ ወደ 180 ከወረደ ኃይሉ ወደ 1000 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ሁሉም ቤት ራቱን በሚያበስልበት ሰዓት ግፊቱ በሚወርድበት ሰፈር ስለምንኖር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ያለውና አራት ሰዓት ላይ ያለው ሙቀት አንድ አይደለም። በመሆኑም የሚበቃ ከሚመስለው ትንሽ ከፍ ያለ ዋት መምረጡ ይጠቅማል።

ፍጆታውን በቆጣሪያችን ተከታትያለሁ። በ900 ዋት ለአራት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ መቆጣጠሪያው ክፍሉ ሲሞቅ እያጠፋ ስለሚያበራው ግን በተግባር ከዚህ ያነሰ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስቡ፣ የአንድ ሰዓት ጋገራ የዕቃውን የአንድ ምሽት ፍጆታ ያህላል። ታሪፉ ግን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ተጠቅሞ በዝቅተኛው ታሪፍ የሚከፍል ቤት ይህን ዕቃ ሲጨምር ሂሳቡ ከጠበቀው በላይ ይሆንበታል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ስለ ሽቦው ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርተን የክፍሉን ሶኬት አስፈትሸን ነበር፤ ሶኬቱ ከመብራቱ ቀጭን ሽቦ ላይ የተቀጠለ ሆኖ ስላገኘው በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው ከብሬከሩ አውጥቶ ዘረጋልን። ማሞቂያ ፈጽሞ በዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም፤ በተለይ ገበያ ላይ የሚሸጡት ቀጫጭኖቹ ለሰዓታት ይህን ያህል ኃይል ሲያልፍባቸው ይቀልጣሉ። ነጠላም ሆነ ጋቢ ለማድረቅ በክንፎቹ ላይ መስቀልም እንዲሁ ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ ወጪና ጥንቃቄ የሚጠላ ሰው፣ ከሰል አለልን ይላል። ቡና የተፈላበትን ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩን ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ልማድ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው አያነቃውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና በእንቅልፉ እንዳለ ይገድለዋል። ፍሙ አመድ የለበሰ ቢሆንም ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ማሞቂያ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ወፍራም ብርድ ልብስ ቢደርብ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውኃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ቢያደርግ ይሻለዋል።

ጉድለቶቹ ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች የቀለም ሽታ ነበረው፣ ኋላ ጠፋ። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብረቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እናቴ ለምደውታል፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን ሊነቃበት ይችላል። የበጋውን ደረቅ አየር ይበልጥ ያደርቀዋልና በክፍሉ ውስጥ አንድ ሳሕን ውኃ እናስቀምጣለን። ዘንድሮ አንደኛው ጎማ ተሰብሮ በብየዳ ቤት ሌላ ተገጥሞለታል፤ መቆጣጠሪያው ቢበላሽ ግን መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም።

ለአንድ አረጋዊ ወይም ሕፃን ላለበት፣ ክፍተቶቹ ለተደፈኑ አንድ ትንሽ ክፍል ይህን ዓይነት ዕቃ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቤቱን በሙሉ ለማሞቅ ለሚያስብ አይሆንም፣ ጀጎል ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ላለውም ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው። እኛ ለልጆቹ ክፍል ሁለተኛ ለመግዛት ወስነናል፤ ከዚያ በፊት ግን የዚያኛው ክፍል ኮርኒስ ይሠራል።