ክላስ ስለ ክላስ፦ ስምንት ቅዳሜ አራት ኪሎ

በ41 ዓመቴ ኮድ ልማር ነው ስል ባለቤቴ «ኤክሴል አልበቃሽም?» አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ኤክሴልስ በቅቶኝ ነበር። የቆጨኝ ሌላ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ በሲ ፕላስ ፕላስ ኮርስ ላይ ኢንካፕሱሌሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም፣ አብስትራክሽን የሚሉትን አራት ቃላት እንደ ዳዊት ደግሜ፣ ቢ አግኝቼ፣ አንድም ክላስ (ኦብጀክት የሚባሉ ነገሮች በኮድ የሚፈጠሩበት ንድፍ) በእጄ ሳልጽፍ ተመረቅኩ።

ከዚህ በፊት ሁለት መንገድ ሞክሬ ነበር። አንደኛው ስላይድ የሚነበብበት ማሠልጠኛ ነው፦ እንስሳ የሚባል ክላስ፣ ከሱ የሚወርሱ ውሻና ድመት፣ አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ሚያው ትላለች፣ አለቀ። ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ጥያቄ ስጠይቀው ላፕቶፑን ወደ ራሱ ይስበውና ጣቶቹ ይሮጣሉ። «በቃ፣ ሠራ» ይለኛል። ሠራ፤ ለሱ።

የምጽፍላችሁ ስለ ሦስተኛው ነው። አራት ኪሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ታፔላ የሌላት አንዲት ክፍል። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 10፣ ለ8 ሳምንት፣ 6 ተማሪ፣ 4,800 ብር። የሚያስተምረው ልጅ በሳምንቱ ሌላ ሥራ አለው፤ «ስሜን አይጻፉብኝ» ስላለኝ አልጽፍም። የመጀመሪያ ቀን «ተማሪህ ነኝ፣ አንቺ በለኝ» ብለው እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። ደንቡ አንድ ነው፦ የተማሪ ኪቦርድ አይነካም። ኮድሽ እምቢ ሲል እርሳስ ያቀብልሻል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ያለቁት «ሰልፍ» (self) የምትባለው ቃል ላይ ነው፤ ፈንክሽን (ክላስ ውስጥ የሚጻፍ ትእዛዝ) የሚሠራበትን ኦብጀክት የሚቀበልባት ስም ናት። «ዕቁብ» የሚባል ክላስ ጽፌ፣ ከሱ «የቢሮ» የሚባል ኦብጀክት ፈጥሬ፣ «የቢሮ ነጥብ ዘርዝር» ብዬ፣ ቅንፉን ባዶ ትቼ ጠራሁ፤ የምንማርበት የኮድ ቋንቋ ፓይተን ምንም ለማይቀበል ፈንክሽን አንድ ነገር ሰጥተሻል አለኝ። ምን ሰጠሁ? ልጁ በረጅሙ አስጻፈን፤ «ዕቁብ ነጥብ ዘርዝር» ብለን ቅንፉ ውስጥ «የቢሮ»ን በእጃችን እንድናስገባ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ነጥቧ ሳላይ ታስገባልኝ የነበረውን ያን ጊዜ አየሁ። ፓይተን 3 ደግሞ የግዕዝ ፊደል በስም ቦታ ይቀበላል፤ ክላሴ በቁሙ «ዕቁብ» ነበር። «ሰልፍ»ም የቋንቋው ሕግ ሳይሆን ልማድ ስለሆነች «ራሱ» ብዬ ቀየርኳት፤ ሠራች። ልጁ ሳቀና «ከሰው ጋር ሲሠሩ ግን ይመልሷት» አለኝ።

አራተኛው ቅዳሜ ብቻውን ገንዘቤን መለሰልኝ። በእውነተኛው ሕይወቴ ሁለት ዕቁብ አለኝ፣ የቢሮና የሰፈር። ሁለት ኦብጀክት ሠራሁ። ክላሱ አናት ላይ፣ ከኮንስትራክተሩ (ኦብጀክት በተፈጠረ ቁጥር ከሚሠራው ፈንክሽን) ውጪ፣ «መዋጮ» 500፣ «አባላት» ባዶ ሊስት ብዬ አስቀመጥኩ። የቢሯችንን ጥበቃ በቢሮው ዕቁብ መዝግቤ የሰፈሩን ዝርዝር ባወጣ፣ ሰውዬው እዚያም ቁጭ ብሏል። የቢሮውን መዋጮ 1,000 ሳደርገው ግን የሰፈሩ 500 እንዳለ ቀረ። አንዱ ይደባለቃል፣ ሌላው አይደባለቅም። ኮምፒውተሩን የያዘው ነገር ያለ መሰለኝ።

ልጁ መልሱን አልነገረኝም። «ሦስት ሳጥን ይሣሉ» አለ፤ አንድ ለክላሱ፣ ሁለት ለኦብጀክቶቹ። ሊስቱ ስንት ጊዜ ተፈጠረ? አንድ ጊዜ፣ ክላሱ ሲነበብ። ስለዚህ ቦታው የክላሱ ሳጥን ነው። የቢሮው ሳጥን ውስጥ አባላት የሚል አለ? የለም። ከሌለ ፓይተን ወደ ክላሱ ሄዶ ይፈልጋል፤ ለሰፈሩም እንደዚያው። ሁለት ቀስት፣ አንድ ሊስት። ሰው ስጨምር የምጨምረው የጋራው መዝገብ ላይ ነበር። መዋጮውን 1,000 ስል ግን ያለውን አልነካሁም፤ በቢሮው ሳጥን ውስጥ አዲስ «መዋጮ» ፈጠርኩ፣ የክላሱ 500 በቦታው ቀረ። ሊስቱን ወደ ኮንስትራክተሩ አስገብቼ ከፊቱ «ሰልፍ ነጥብ» ስጨምርበት እያንዳንዱ ዕቁብ የራሱን መዝገብ ያዘ። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ የእህቴ ልጅ በ10 ሰከንድ ያስተካክለው ነበር። ማታ ስሞቹን በላቲን ፊደል ጽፌ ኮዱን ፓይተን ቱተር የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። መስመር በመስመር እያስኬደ ሳጥኑንና ቀስቱን ራሱ ይሥላል። ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት፤ ገጠመ። ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ግድ አልሰጣቸውም።

ኢንሄሪታንስ፣ ማለትም አንድ ክላስ ከሌላው መውረሱ፣ እስከ ሰባተኛው ሳምንት አልተነካም፤ ያጉረመረሙ ነበሩ። ሲደርስ አብሮን የሚማር የባንክ ሠራተኛ «ዕድር»ን ከ«ዕቁብ» አስወረሰው፤ ሁለቱም አባል አላቸው፣ በሁለቱም በየወሩ ይዋጣል። ልጁ ኮዱን አየት አድርጎ «ዕድር ዕጣ ያወጣል እንዴ?» አለው። ዕጣ የሚወጣበት ዕድር፣ እግዜር አያድርስ! ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ለካስ የወረሰ ሁሉንም ይወርሳል፣ የማይፈልገውንም። በመጨረሻ ዕድር የራሱ ክላስ ሆነ፤ የአባላት መዝገቡ ለብቻው ሌላ ክላስ ሆኖ ሁለቱም ያዙት።

የማይመቸውም አለ። በ8 ሰዓት ተጀምሮ አያውቅም፣ 20 ደቂቃ ጨምሩበት። መብራት ሲጠፋ፣ ሁለቴ ጠፍቷል፣ ባትሪው የደከመበት ተማሪ ደብተሩን አቅፎ ይቀራል። ደረሰኝ የለም፤ መሥሪያ ቤቴ የትምህርት ወጪ ይሸፍንልኝ ነበር፣ ያለ ደረሰኝ አይሆንም ተባልኩ። ፖሊሞርፊዝም (አንድ ትእዛዝ በየኦብጀክቱ በየራሱ መንገድ መሥራቱ) በመጨረሻዋ ቀን በግማሽ ሰዓት ተሯሩጦ አለፈ፤ እኔን ዛሬም ያደናግረኛል። የጃቫ ፈተና ያለባችሁ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ አትልፉ፤ የሚያስተምረው ፓይተን ብቻ ነው፣ አሳይመንትም አይሠራላችሁም። አንዷ ለዚያ መጥታ በሁለተኛው ሳምንት ቀረች።

ከ5 ኮከብ 4። አንዷን ደረሰኝ ሲያመጣ እጨምርለታለሁ።

የሚቀጥለው ዙር ከበዓል በኋላ ነው ብሎኛል። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ያለችውን ልጅ ጠይቁ፣ እሷ ናት የምትመዘግበው። ደብተር ስትገዙ ባለ ካሬውን ያዙ፤ ባለ መስመሩ ለሳጥን አይመችም።