የአሜሪካ ዲኦ ሜዲካል ስኩሎች፣ ከደብረ ማርቆስ ሆነን ስንመርጥ

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያደገችው፣ ኮሌጅ ጨርሳ ሜዲካል ስኩል ስታመለክት ክረምቱን እዚህ ማርቆስ እናቴ ቤት ነበረች፣ እኔ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ስለሆንኩ ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ ትምህርት ቤቶቹን አብረን ስናገላብጥ ከረምን። ስለዚህ ይሄ የተማሪ ሪቪው አይደለም፣ የገዢ ቤተሰብ ሪቪው ነው በሉት፣ በዛ ዋጋ መማር ግዢ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል።

መጀመሪያ ዲኦ ምንድነው ለምትሉ። አሜሪካ ሐኪም የሚያስመርቅ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት አለ፣ ኤምዲ የሚሰጥና ዲኦ የሚሰጥ፣ ዲኦው ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው ነው። ሁለቱም አራት ዓመት ነው፣ የሁለቱም ተመራቂ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል፣ ከ2020 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሬዚደንሲያቸውም (ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጥኑት የስፔሻሊቲ ሥልጠና) በአንድ አካል ስር ሆኗል። ዲኦዎቹ በላዩ ላይ 200 ሰዓት አካባቢ በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ይማራሉ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ እየዳሰሱ ማከም ማለት ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ «እንዴ፣ ወጌሻ ለመሆን ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብር?» አለች፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ግን እኮ ብዙም አልሳተችም፤ ትምህርቱን የጀመረው አንድሪው ቴይለር ስቲል ራሱ «መብረቁ ወጌሻ» ነኝ እያለ ያስተዋውቅ ነበር አሉ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተው በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ኪርክስቪል የምትባል ከተማ ነው፣ እስከ ዛሬ በስሙ ይሠራል። እንግሊዝ አገር ኦስቲዮፓት የሚባለው ግን ሐኪም አይደለም፣ ጎግል ስታደርጉ እሱ እየመጣ እንዳያደናግራችሁ።

ማመልከቻው ኤኮማስ በሚባል ሲስተም ነው የሚሞላው። አንዴ ሞልታችሁ ለመረጣችኋቸው ዲኦ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይልክላችኋል፣ ፎርት ወርዝ ያለው የቴክሳሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በቴክሳስ የራሱ ሲስተም ነው የሚቀበለው፣ እሱም ቦታውን በአብዛኛው ለቴክሳስ ልጆች ነው የሚሰጠው። ኤኮማስን ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ኮሌጁ ትራንስክሪፕት ልኮ እያለ ልጅቷ ደግሞ እያንዳንዱን ኮርስ ከነኮዱ ከነክሬዲቱ ከነግሬዱ በእጇ አንድ በአንድ መሙላት አለባት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለብቻ፣ የኦርጋኒክ ላቡ ለብቻ፣ የፍሬሽማን ስፖርት ክላስ ሳይቀር፤ ቆርቆሮው ላይ የሰኔ ዝናብ እየወረደ እኔ ከወረቀቱ አነባለሁ እሷ ትጽፋለች፣ ቡና ሦስተኛው ደርሶ እኛ ገና ሁለተኛ ዓመት ስፕሪንግ ላይ ነን። ከዛ ቬሪፋይ እስኪያደርጉ ሳምንታት ይሄዳል፣ ስህተት ካገኙ ይመልሱታል። ዋጋው ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 200 ዶላር ገደማ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ከ50 ዶላር በላይ፣ ከዛ ሴኮንደሪ የሚሉት ሁለተኛው ዙር ጥያቄ ሲመጣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻው ደግሞ ያስከፍላል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ፊ ዌቨር (ክፍያውን የሚያስቀር ፈቃድ) አለ፣ ግን ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት ነው የሚጠየቀው፣ ከላካችሁ በኋላ ብታለቅሱም የለም።

ውጤት ላይ ብዙ አልቆይም። ዲኦ የሚገቡ ልጆች ኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው) አማካዩ 504 አካባቢ ነው፣ ኤምዲ የሚገቡት ከ511 በላይ። በዚህ ምክንያት «ዲኦ ማለት ኤምዲ ያልተሳካለት መሸሸጊያ ነው» የሚል ወሬ አለ፣ ዲያስፖራው ጋ በተለይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራል። እኔ ግን የማየው ተመርቆ የት ይደርሳል የሚለውን ነው፣ ከዲኦ ተመራቂዎች በሬዚደንሲ ምደባው ከ90 በመቶ በላይ ቦታ ያገኛሉ። ደርማቶሎጂ፣ ኒውሮሰርጀሪ ምናምን ለሚል ልጅ መንገዱ ጠበብ ይላል፣ እሱ ሐቅ ነው፣ ብዙዎቹም ኮምሌክስ ከሚባለው የራሳቸው የሐኪም ፈቃድ ፈተና ሌላ ኤምዲዎቹ የሚፈተኑትን ዩኤስኤምኤልኢውንም ደርበው ይፈተናሉ፣ ፈተናው ድርብ ወጪውም ድርብ። የእኛዋ ፋሚሊ ሜዲስን ወይ ሕፃናት ነው የምትለው፣ ስለዚህ እሱ ብዙም አላስጨነቀን።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቹ። ከ40 በላይ ኮሌጅ አለ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቅርንጫፍ አላቸው። እኛ 12ኛ ጨርሰን የት እንደምንማር የነገረን ምደባ ነው፣ ባሕር ዳር በሉ ተባልን ባሕር ዳር ሄድን፣ ጎንደር የተባለው ጎንደር፣ ስለዚህ ይሄ ሁሉ ምርጫ መጀመሪያ ላይ ቅንጦት መስሎኝ ነበር፣ ቆይቶ ግን ራስ ምታት ሆነ። ፊላደልፊያ ያለው ፒኮም ከ1899 ጀምሮ ያለ ነው፣ ስሙ ከባድ፣ ክፍያውም ከባድ። ሌኮም የሚሉት ፔንሲልቬንያ ኢሪ ላይ ነው ዋናው፣ ፍሎሪዳም ቅርንጫፍ አለው፣ ለግል ትምህርት ቤት ዋጋው ረከስ ይላል፣ ያለ ሌክቸር በቡድን ኬዝ እየፈቱ የሚማሩበት መንገድም አለው፣ ግን በአለባበስ ደንቡ የታወቀ ነው፣ የእህቴ ልጅ ይሄን አንብባ «ጋሼ፣ ሃይስኩል ነው እንዴ?» ብላ ዘጋችው (እኔ ብሆን በዛ ዋጋ ከረባት አስሬ እተኛ ነበር)። ቱሮ ኒውዮርክ ሃርለም መሀል ነው፣ ከተማ ለሚወድ። አሪዞና ሜሳ ያለው የስቲል ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪውን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ጤና ጣቢያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ እኔ በሐሳቡ በጣም ነበር የወደድኩት፣ ከእናቷ ግን ሩቅ ነው ተባለ በቃ ቀረ። ሚሺጋን ስቴትና ኦሃዮ የመንግሥት ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ ለራሳቸው ስቴት ልጆች ነው ይበልጥ የሚያዋጡት።

እኔ ከሁሉም በላይ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የት ነው የምትሠራው? ይሄን ያልጠየቀ ሰው ሕንፃ ነው የሚገዛው። እኛ ባሕር ዳር ስንማር ምንም ይጉደል ምን በሽተኛው ነበረ፣ ፈለገ ሕይወት ዋርድ ከገባህ አልጋው ሙሉ ነው፣ ሲኒየሩ ይቆጣሃል፣ ሌሊት ትጠራለህ፣ ሐኪም የሆንከው እዛ ነው። አብዛኞቹ የዲኦ ትምህርት ቤቶች ግን የራሳቸው ትልቅ ሆስፒታል የላቸውም፣ ተማሪውን ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ አስተምረው ከዛ በስምምነት ወደተያዙ ሆስፒታሎች ይበትኑታል፣ አንዳንዱ ሌላ ስቴት ድረስ፣ ቤት ተከራይተህ ዕቃህን ጭነህ። መበተኑ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ የትናንሽ ከተማ ሆስፒታል ብዙ ያስተምራል፣ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ጥያቄው ሆስፒታሉ ላይ ሬዚደንት አለ ወይ፣ የሚያስተምር ሰው አለ ወይ፣ ወይስ አንድ ሐኪም ክሊኒክ ጥግ ላይ ቆመህ ታያለህ ነው።

አንዱ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የግል ነው አዲስ ነው ሕንፃው መስታወት በመስታወት፣ ኢንተርቪው በዙም እዚህ ማርቆስ እያለች ነበር የጠራት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ በስልኬ ዳታ ቀጠለች፣ እኔ ከካሜራው ጀርባ ሆኜ ስልኩን በእጄ ይዤ። ጥያቄ ካለሽ ሲሏት «ሦስተኛ ዓመት የት ነው የምሆነው?» አለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ ከብዙ ሆስፒታሎች ጋር በሂደት ላይ ነን፣ ዝርዝሩ ዌብሳይታችን ላይ አለ አላት። ዝርዝሩን አወጣን፣ ረጅም ነው፣ ያምራል። እህቴ እዛው ስላለች ከዝርዝሩ አንዱ ሆስፒታል ደወለች፣ የተማሪዎች አስተባባሪዋ «አዎ እንወስዳለን፣ ሳይካትሪ ብቻ፣ ጥቂት ልጆች» አለቻት። ሰርጀሪውስ? የለም። የማኅፀኑስ? የለም። ላም አለኝ በሰማይ! እንግዲህ ይሄ ትምህርት ቤት ነው መጀመሪያ ተቀብያለሁ ብሎ ደብዳቤ የላከው፣ የማይመለስ ዲፖዚት ከነመክፈያ ቀኑ።

እዚህ ላይ የሚረዳችሁ ነገር ልንገራችሁ። የዲኦ ኮሌጆችን ዕውቅና የሚሰጥ ኮካ የሚባል አካል አለ፣ ኮሌጆቹ የኮምሌክስ ማለፊያቸውንና ተመራቂዎቻቸው ሬዚደንሲ ያገኙበትን መጠን በዌብሳይታቸው እንዲያወጡ ያስገድዳል። ገጹ ከታች ተደብቆ ነው የሚገኘው፣ ፈልጉት፣ በመጀመሪያ ሙከራ ስንቱ አለፈ የሚለውን እዩ፣ የአንድ ዓመት ሳይሆን የተከታታይ ዓመቱን። አዲስ ትምህርት ቤት ይሄ ቁጥር የለውም፣ የመጀመሪያው ባች እስኪመረቅም ሙሉ ዕውቅና አያገኝም። አዲስ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለምሳሌ በ2025 እዛው ሜሪላንድ ሄገርስታውን ላይ ሜሪተስ የሚባል ተከፍቷል፣ እሱ ከሆስፒታል ተነስቶ ነው ትምህርት ቤት የሆነው፣ ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ቢሆንም ተመራቂ አይቼ ነው የማምነው የሚል ሰው እስከ 2029 ይጠብቃል።

ብሩስ? ይሄ ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ የባሰ ነው። ከዚህ በፊት ተማሪው ግራድ ፕላስ በሚባል የፌዴራል ብድር ሙሉውን ወጪ መበደር ይችል ነበር፣ በ2025 በወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ እሱ ቀርቷል፣ ለሜዲካል ተማሪ የፌዴራሉ ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላ 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል። ብዙ የግል ዲኦ ትምህርት ቤት ደግሞ ክፍያው ብቻውን ከ50 ሺህ ያልፋል፣ ቤት ኪራይና ምግብ ሳይገባ። የቀረውን የግል ባንክ ነው የምትለምኑት፣ ወለዱ የራሱ፣ ዋስ ፈራሚ ይፈልጋል፣ ፈራሚዋ እንግዲህ ነርሲንግ ሆም በፈረቃ የምትሠራው እህቴ ናት። እናቴ ሒሳቡን ባትረዳውም ነገሩ ገብቷት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ተነስታ ሄደች። ስለዚህ ከ«የትኛው ይሻላል» በፊት «የትኛው 50 ሺህ ውስጥ ወይም አጠገቡ ይገባል» ብላችሁ ጀምሩ፣ ዝርዝሩ ራሱ ያጥርላችኋል።

በመጨረሻ እጇ ላይ የቀሩት ሁለት ነበሩ፣ ያ መስታወቱና ዌስት ቨርጂኒያ ሉዊስበርግ ያለው የመንግሥቱ ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤት። የዌስት ቨርጂኒያው ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፣ የገጠር ሐኪም ማፍራት ሥራዬ ብሎ የያዘ ነው፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ተራራ ነው፣ ሐበሻ ሬስቶራንት አትጠብቁ። ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው ለውጭ ሰው ከሚያስከፍለው ከግማሽ በታች ነው፣ እሷ ሜሪላንድ ስለሆነች ያ አልደረሳትም፣ የውጭውን ትከፍላለች፣ እሱ ያበሳጫል። ግን ሦስተኛና አራተኛ ዓመቱ ስቴቱን በክልል ከፋፍሎ ነው፣ የትኛው ክልል የትኛው ሆስፒታል እንዳለው ስትጠይቅ ከነሰዉ ነገሯት፣ አንዱ ክልል ማርቲንስበርግ አካባቢ ነው፣ ከእናቷ ቤት በመኪና የቅርብ መንገድ፣ ይደርሳታል ብሎ የማለላት ባይኖርም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አገናኟት፣ ልጁ ሳይደብቅ የሚከፋውንም ነገራት (ብርዱ፣ ብቸኝነቱ፣ ፈተና ሲደራረብ)። እኔ በበኩሌ የሚከፋውን የሚነግርህን ትምህርት ቤት ነው የማምነው።

መስታወቱን ትታ እዛ ዲፖዚት ከፈለች። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በክፍያው ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ከማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ በኢንቦክስ «ዶክተር፣ እኔስ በ12ኛ ክፍል ውጤቴ ማመልከት እችላለሁ?» ለምትሉ፣ አትችሉም፣ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ መጨረስ ነው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ዋናዎቹን ኮርሶች አሜሪካ የተማረ ነው የሚፈልጉት፣ ብዙዎቹም ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። እዚህ በሕክምና የተመረቃችሁ ከሆነ ደግሞ እንደገና ዲኦ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋችሁም፣ የእናንተ መንገድ ዩኤስኤምኤልኢ ተፈትናችሁ በኢሲኤፍኤምጂ (ውጭ አገር የተመረቀ ሐኪምን የሚያረጋግጠው የአሜሪካ አካል) በኩል ሬዚደንሲ ማመልከት ነው። አስገባችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ኤኮማስን ከፍታችሁ አሳዩት፣ ማመልከቻ የሚገባው በእሱ ነው፣ ክፍያውም እዛው በካርድ ነው።