ሞሲን ናጋንት 91/30፦ ማጽዳት ለሚወድ፣ መፋቅ ለማይወድ

ከመጋዘን የወጣ 91/30 የገዛ ሰው ጠመንጃውን የሚያየው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ እጁ ላይ የሚቀርለት ኮስሞሊን ነው፤ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ ከዘመን ብዛት እንደ ሰም የደረቀ ቅባት። የእኔው በ1943 ኢዠቭስክ የተሠራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች አድሰው በዚሁ ቅባት ለቅልቀው አስቀመጡት። ብረቱን ዝገት ያልደፈረው በእሱ ስለሆነ ብማረርበትም አልረግመውም።

መነሻው የ1891ዱ የሩሲያ ጠመንጃ ሲሆን በ1930 ተሻሽሎ ይህን መልክ ያዘ። አምስት ጥይት ይጎርሳል፣ ያለ ሳንጃ 123 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጦርነት ጥድፊያ ስለተሠራ የመቅረጫ መሣሪያው ጭረት ብረቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ያንን በብርጭቆ ወረቀት አልሰዋለሁ የሚል ካለ ሌላ ጠመንጃ ይግዛ፤ እኔ እጄን ሳሳርፍበት ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ሻጩ «ቁጥሩ ሁሉ የገጠመ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ» ብሎኝ ነበር። መግጠሙስ ገጥሟል፤ ነገር ግን ካዝናው ላይ የድሮው ቁጥር በመስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ተመትቷል። አዳሾቹ ከየጠመንጃው የተለቀመ አካል ገጣጥመው ቁጥሩን በኋላ ነው ያስማሙት። ለእኔ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም የታሪኩ አካል ነው። እንደ ፋብሪካ ሥራ አድርጎ ዋጋ መጨመር ግን ነውር ነው።

መቀርቀሪያው ያለ መፍቻ በእጅ ይፈታል፤ ሰባት ቁራጭ ነው። አየር በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይበቃዋል። መልሶ ሲገጠም የመምቻው መርፌ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ሳይለኩ መተኮስ አይገባም። የጠመንጃው የራሱ መፍቻ ላይ 75 እና 95 የሚሉ ሁለት ክፍተቶች አሉ፦ መርፌው በ95 ሳይነካ ማለፍ፣ በ75 መንካት አለበት። እንዲህ ያለ ቀላል መለኪያ ከወታደሩ ኪስ እንዳይጠፋ ያሰበውን ሰው አደንቃለሁ።

ብዙ ሰው «መቀርቀሪያው ይነክሳል፣ ካልተመታ አይከፈትም» እያለ ይህን ጠመንጃ ያማል። ብዙውን ጊዜ ሐሜቱ ያለ ጥፋቱ ነው። ጥይቱ የሚቀመጥበት ጉሮሮ ውስጥ የቀረው ኮስሞሊን ሲተኮስ ይሞቅና ቀለሁን ይይዘዋል። ወፈር ያለ የነሐስ ብሩሽ ነጭ ጋዝ እያስነኩ እዚያ ውስጥ ደጋግሞ ማሽከርከር ነው መፍትሔው፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የእኔው አሁን በመዳፍ ይከፈታል።

እንጨቱ በርች ነው፣ የተቀባው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሼላክ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ። አልኮል ያስነካው ሰው ሼላኩን አብሮ ያነሳዋል። ውስጥ የገባው ቅባት የሚወጣው በሙቀት ነው፤ ፀሐይ ላይ አውሎ የሚያልበውን እየጠረጉ መጠበቅ። በተላጠው ላይ ብቻ ቀጠን ያለ ሼላክ ደረብኩበት። ፍቀው የተልባ ዘይት ያጠጡትን አይቻለሁ፣ ያምራል፤ ግን እንጨቱ ላይ የነበሩት የአዳሾቹ ማኅተሞች ተፍቀው ስለጠፉ የቱ የጦር መሣሪያ ማደሻ እንዳደሰው አይታወቅም።

ተኩሱ ላይ ብዙ አልመጻደቅም። ምላጩ ረጅምና ሻካራ ነው። ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግደው መቆለፊያ የመቀርቀሪያውን ኋላ ስቦ ወደ ግራ ማዞር ስለሚጠይቅ ጣት ያሳምማል። ዒላማው የተስተካከለው ሳንጃው ተሰክቶ ስለሆነ ያለ ሳንጃ ሲተኮስ ጥይቱ ሌላ ቦታ ቢያርፍ አይገርምም። አሮጌ የሠራዊት ጥይት ለሚጠቀም ደግሞ ዘይት ብቻ አያድነውም፤ መርፌው የሚመታው የጥይቱ ማቀጣጠያ የሚተወው፣ ብረት የሚያዝግ ጨው የሚሟሟው በውኃ ነው። በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት።

ከፈቃዱ ቀጥሎ ገዢው ማየት ያለበት የአፈሙዙን ጫፍ ነው። ያረጀ ጫፍ ከውስጥ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል፤ አዳሾቹ ያንን የሚያደርጉት ለማዳን ነው፣ ጥሩም ይተኩሳል፣ ግን በባትሪ ካላዩት ከውጭ አይታወቅም። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ከጥይቱ ጋር የሚኖረውን ልክ ደግሞ የጠመንጃ ባለሙያ በመለኪያ ሳያየው አንድም ጥይት አይጎረስበት።