ኮምቦልቻ ላይ ባሌስትራ ያሠራሁበት ቤት

የአይሱዙዬ የኋላ ግራ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ሞላ፣ የተሰበረው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ደሴ አንድ ጋራዥ "ብየዳ ይይዘዋል" አሉኝ፤ ርካሽ ስለሆነ እሺ አልኩ። 3 ሳምንት ሳይሞላ በብየዳው ጠርዝ ልክ ቀጭ አለ። የባሌስትራ ብረት በእሳት ተሠርቶ በእሳት ይበላሻል፤ ይህን ግን ማን ነገረኝ?

ሁለተኛው ቤት ኮምቦልቻ ውስጥ በሐርቡ መውጫ በኩል ነው። ታፔላ የለውም፣ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ናቸው። ከደሴ ወርጄ ገና ሳቆም ጎንበስ ብለው ሁለቱን አሞርዛተሮች በእጃቸው ዳሰሱ። የቀኙ ሞቋል፣ የግራው ቀዝቃዛ ነው። "ይሄኛው ሞቷል" አሉ። ባሌስትራ ከጉድጓድ የወሰደውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል፤ ያን ዝላይ በልቶ ሙቀት የሚያደርገው አሞርዛተሩ ነው። ካልሞቀ አልሠራም ማለት ነው።

ረዳቱ ልጅ የመሃሉን ቡሎን ሊያላላ ሲል ጋሼ ጮሁበት፦ "መጀመሪያ በሞርሳ እሰረው!" ለምን ስላቸው ቆርቆሮው ላይ ያለች የአውራ ጣት ታህል ቀዳዳ አሳዩኝ። ድሮ አንድ ልጅ ሳያስር ሲፈታ ቡሎኑ ተፈናጥሮ የበሳት ናት።

"ብረት ቂም ይይዛል፣ አባዬ።"

ቅጠሎቹ፣ ማለትም የባሌስትራው ተደራራቢ ብረቶች፣ ጉብጠታቸው እኩል አይደለም፤ አጫጭሮቹ ይበልጥ ይጎብጣሉ። ቡሎኑ በግድ አጣብቋቸው ነው የኖሩት። ያ የተጣበቁበት ጉልበት የትም አልሄደም፣ እዚያው ተኝቷል፤ ማሰሪያው ሲለቅ ባንዴ ሩጫ ይሆናል። ባሌስትራ በጣልያንኛ የፍላጻ መወርወሪያ መሣሪያም ስም ነው፤ ቀዳዳዋን ካየሁ በኋላ አልገረመኝም። ሞርሳው ቀስ እያለ ሲላላ ግን ቅጠሎቹ ያለ ድምፅ ተለያዩ።

ስንት ኩንታል እንደምጭን ጠየቁኝ፤ እውነቱን ስናገር ሳቁብኝ። ትምህርት ቤት ሞላ ሁለት እጥፍ ከታጠፈ የሚይዘው ጉልበት አራት እጥፍ ነው ሲባል ለፈተና ብቻ ነበር የሸመደድኩት። ትርፍ ጭነት ይዤ ጉድጓድ ስገባ የማደርገው ይህንኑ ነው ለካ።

ቅሬታም አለኝ። ለ10 ሰዓት የተባለው ሥራ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ "አብሽር፣ አሁን ያልቃል" ሲሉኝ ነው የዋልኩት። ደረሰኝ የለም። መቀመጫው የተገለበጠ የዘይት ጀሪካን ነው። ዋጋውም ከብየዳው አራት እጥፍ ወጣ፤ ፊዚክሱ ኪሴም ውስጥ ሠራ።

አዲሱን ዋና ቅጠል፣ በየመሃሉ የተቀባውን ግራሶና አዲሱን አሞርዛተር ይዤ፣ ሙሉ ጭነት አድርጌ ሐረጎን ወጣሁ። የኋላው መወዛወዝ ቀርቷል። ባዶዋን ስትሆን አሁንም ትዘላለች፣ ለሸክም የተሠራ ብረት ነዋ፤ ይህን በሳቸው አላመካኝም።

ሞርሳቸው አንድ ብቻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፤ ከቀደማችሁ መኪና ካለ እዚያው ማደራችሁ ነው።