አሮጌ ጊታር ለማስቀባት፦ ስፕሬይ ወይስ ጋራዥ?

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቀለሙን ልጬ በስፕሬይ ልቀባው ወይስ መኪና የሚቀባ ጋራዥ ልውሰደው?» በዚህ ወር ብቻ ሦስት ልጆች ጠይቀውኛል። መልሴን ልጻፈውና ይለይለት፦ ጋራዥ ውሰዱት።

ይህን የምለው በስፕሬይ ከስሬ ነው። ባለፈው ክረምት ጠርዙ የተፈነካከተ ጥቁር ጊታር በ9,000 ብር ገዛሁ። ቀለሙን ለማንሳት ቲነር የተነከረ ጨርቅ አለበስኩት። በሁለተኛው ቀን ባየው ከመደብዘዝ በቀር ምንም አልሆነም። ለካ የአብዛኛው ርካሽ ጊታር ቀለም ፖሊስተር ነው፤ አንዴ ከጠነከረ ቲነር አይፈታውም። ወደ ብርጭቆ ወረቀት ዞርኩ። አንዱ 40 ብር፣ 11 ጨረስኩ፣ 440 ብር። ክንዴ እስኪዝል ፍቄ ፊቱን እንኳ አልጨረስኩም። በመጨረሻ ከአንድ አናጺ ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን በ300 ብር ለአንድ ቀን ተከራየሁ። እሱስ ይሠራል። ቀለሙ ያብጥና በስፓቱላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ግን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ካቆያችሁት እንጨቱ ይጠቁራል፤ ጭሱም ቤት ውስጥ የሚቻል አይደለም።

ያን ሁሉ የለፋሁት እንጨቱን በቫርኒሽ አሳምሬ ላሳይ ብዬ ነበር። ቀለሙ ሲነሳ ከሥር የወጣው ግን ኮምፔንሳቶ ነው። ጎኑ ላይ ደርብ በደርብ ይታያል። ይህን ለማወቅ የፊቱን ፕላስቲክ ብሎኖች ፈትቶ ፒካፑ (የክሮቹን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) የተቀመጠበትን ጉድጓድ ጠርዝ ማየት ይበቃ ነበር። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እዚያ እዩ።

ከዚያ ስፕሬዩ መጣ። አንዱ 450 ብር። ሦስት ይበቃኛል ያልኩት አምስት ፈጀ፤ 2,250 ብር። ሁለቱ ኮፒ ነበሩ። ስትነቀንቁት የውስጧ ኳስ አትሰማም፤ አፍንጫው ደግሞ ከመርጨት ይልቅ ያንጠባጥባል። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ግቢዬ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፣ አየሩ ከዝናቡም ከጣናም እርጥብ ነው። ማብሪያውን፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚረጨውን የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ በረጨሁ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩ እንደ ወተት ነጣ። ከወር በኋላ ደግሞ የጊታር ማስቀመጫው ጎማ ቀለሙ ላይ ታትሞ ቀረ። ድምሩ 2,990 ብር። የጊታሩን ዋጋ ሲሶ ማለት ነው!

ያንኑ ጊታር በጥቅምት ጋራዥ ወሰድኩት። የመኪና ቀለም ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚረጨው፤ ስለዚህ ላብም ጎማም በቀላሉ አይበግረውም። ቀቢው መጀመሪያ 2,500 ብር አለኝ። «ነጭ አባዱላ ስትቀባ ደውልልኝ፣ ከእሱ ጋር ትረጨዋለህ» አልኩት። በ1,500 ብር ተስማማን። ለብቻው ቀለም መበጥበጥ ስለሌለበት ነው የቀነሰው። ቀለም ካልመረጣችሁ በዚህ መንገድ ብዙ ታተርፋላችሁ። ራሳችሁ ቤት ውስጥ ልርጨው እንዳትሉ ግን፤ የማጠንከሪያው ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ደግሞ እንጨቱ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ የድሮውን ቀለም መላጥ አያስፈልግም። ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ፣ ላዩን በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙት፣ በቃ። አራት ወረቀት፣ 160 ብር። የድሮው ቀለም ራሱ ጥሩ መሠረት ነው።

አንድ ሥራ ግን ለቀቢው አትተዉ። አንገቱ የሚገባበትን ጉድጓድ በወረቀት ፕላስተር ራሳችሁ ሸፍኑ። እዚያ ቀለም ከገባ አንገቱ አልገባ ይላል፤ በግድ ስታስገቡት አዲሱ ቀለም ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። የእኔ ቀቢ ስለ መኪና በር እንጂ ስለ ጊታር አንገት አያውቅም ነበር።

ሲመለስላችሁ ቶሎ አትግጠሙት። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱት። ገና ቀለም ቀለም የሚል ከሆነ ገመድ ላይ አንጠልጥላችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት።