በአያት ዳርቻ የሚሰጥ የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ሥልጠና፦ የሦስት ወር ግምገማ

የ13 ዓመት ልጄን ከአያት አደባባይ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ማሠልጠኛ ካስመዘገብኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሜዳው ተራ ሲሚንቶ ቢሆንም ቀለበቱ በደንቡ መሠረት 3.05 ሜትር ላይ የተሰቀለ ሲሆን፣ ለልጁም 7 ቁጥር ሳይሆን ለዕድሜው የሚመጥነውን 6 ቁጥር ኳስ ይሰጡታል፤ ይህ ጥንቃቄ ያስመሰግናቸዋል።

ችግሩ ያለው በአሠልጣኞቹ መካከል ነው። ዋናው አሠልጣኝ ኳሱ ከግንባር በላይ እንዲለቀቅ ሲያዝዝ፣ ምክትሉ በማግስቱ ከደረት ጀምሮ እንዲገፋ ያርማል። አንድ ቅዳሜ ልጄ ኳሱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ፣ ሳይወረውር ሁለቱን ተራ በተራ ሲመለከት አየሁት። በታላላቅ ክለቦች የሥራ ድርሻው የተለየ ነው፤ አሜሪካዊው ተጫዋች ካዋይ ሌናርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የተባለውን የአሜሪካ ክለብ ሲቀላቀል የአወራወሩን አኳኋን ያስተካከለለት ቺፕ ኢንግላንድ የተባለው የውርወራ አሠልጣኝ እንጂ ዋናው አሠልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች አልነበረም። እዚህ ያን ያህል ባለሙያ ይቀጠር አልልም፤ ሁለቱ ሰዎች ከልምምዱ በፊት ሻይ ይዘው 10 ደቂቃ ቢመካከሩ ይበቃ ነበር።

ምክትሉ ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ ልጆቹን በየስማቸው ይጠራል፣ በግራ እጅ ማንጠር ለከበዳቸውም ከሰዓቱ በኋላ ቀርቶ ያለማምዳቸዋል። ዝናብ ሲጥል ልምምዱ ይሰረዛል፣ ማካካሻም የለውም። ልጄን ለአንድ ወር ብቻ አስቀጥዬዋለሁ።